መቶ ሦስት ከመቶ

ጦሳ ጉሙን ለብሶ ገና ሳይገለጥ፣
ከመስኮቴ በታች ወረፋው ሲቀመጥ፣
እኔ ነኝ ካርድ አውጪው፣ የመዝገብ ጠባቂ፣
ከሕመም አስቀድሞ ስም ከነአያት ጠያቂ።

«ስም?» «ሰይድ።» «የአባት?» «ይማም።» «የአያት?» «አሊ።»
አሥራ አራት ካርድ አለኝ በዚህ ስም የቆመ፤
አንዱ ስኳር ያለው፣ አንዱ ኩላሊቱን የታመመ፣
አንዱ ከሞተ ቆየ፣ ካርዱ ግን ከረመ።

«ዕድሜ?» ስል ጣራውን ሽቅብ ያዩታል፤
«በሰባ ሰባት ድርቅ ድክ ድክ እል ነበር» ይሉኛል።
በጣቴ ቀንሼ፣ ወደ አምስት ቤት አስጠግቼ እጽፋለሁ፤
አርባ ሦስቱን አርባ አምስት፣ አርባ አንዱን አርባ አደርጋለሁ።
ስለዚህ በእኔ መዝገብ ደሴ ውስጥ
አርባ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው የለም፤
ከአርባ አምስት ተነሥቶ ሃምሳ ላይ ያርፋል ሁሉም።

ኮምፒውተር መጣልን። ላስቲኩ ሳይወልቅ መብራት ሄደበት።
ሲመለስ፣ አንድ ሐሰንን በሐመሩ «ሐ» ጻፍሁት፤
የማታ ተረኛዋ በሃሌታው «ሀ» ደገመችው፤
ማሽኑ ሽማግሌውን ለሁለት ከፍሎ አስቀመጠው፦
ግማሹ ደም ግፊት አለው፣ ግማሹ ጤነኛ ነው።

ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ አያውቃትም።
የሆጤዋ ሉባባ እንድሪስ ጳጉሜ ሦስት ሌሊት ወልዳ፣
ሒክማን ታቅፋ ስትመጣ፣ የልደቷ ቀን ባዳ፤
መስከረም አንድን ሰጠኋት፣
«እንኳን አደረሰሽ» አልሁ፤ እየሣቅን መዘገብናት።

ሰኔ ሠላሳ ደረሰ፤ ስልኩ ጮኸ ከመምሪያ።
ዕቅዱ መቶ ሕፃን። የኩፍኝ ክትባት፦ ዘጠና ሰባት።
አቶ ይርዳው መነጽሩን ጠርጎ፣ በሩን ዘግቶ፣
«ሦስት እኮ ናት» አለኝ፣ «ሦስት ምን አላት?»

ባዶ ረድፍ ፈለግሁ፤ ሦስት ስም አገኘሁ፤
ሦስት ጭረት ሳብሁ፣ እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠ።
ሲስተር እታፈራሁም ለብቻዋ ሦስት ጨምራ ኖሯል፤
ለአንድ ቀዳዳ ሁለት ልጣፍ።
ድምሩ መቶ ሦስት።
ከልጆቹ ይልቅ የተከተቡት በዙ።
ማንም አልሣቀም። አጨበጨቡልን።
የምስጋናው ወረቀት በመስታወት ሆኖ
ከመስኮቴ በላይ ተሰቀለ።

ኅዳር ላይ ሉባባ መጣች።
ልጅቷ ጀርባዋ ላይ፣ ዓይኗ ፍም፣ ፊቷ ሽፍታ በሽፍታ።
ሐኪሙ መዝገብ ገልጦ «ይቺ ተከትባለች፤ ሌላ ነገር ነው» አላት።
«ኧረ አልተወጋችም!
አሥር ልጅ ካልሞላ ብልቃጥ አንከፍትም ብላችሁ መለሳችሁኝ፤
ማክሰኞ ስመጣ፣ አልቋል አላችሁኝ።»
ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣
ወረቀቱን አመነ።

ያቺ ጭረት ጉሮሮዬ ላይ ተጋደመች፣
እንደ ዓሣ አጥንት።
«ዶክተር» አልሁ በመስኮቱ፣ «ምልክቱ የእኔ ነው።»
ከዚያ በኋላ ምን እንዳልሁ እንጃ፤
ወረፋው ብቻ ዝም ማለቱ ትዝ ይለኛል።

በአምቡላንስ ወሰዷት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም።
የተጻፈው ስልክ አንድ ቁጥር ይጎድለዋል፤ የእኔው ጽሕፈት።
ሆጤ ወርጄ ብጠይቅ ሦስት ሉባባ እንድሪስ አሉ፤
ሦስቱም በራቸውን ከፈቱልኝ፤ ሦስቱም እሷን አይደሉም።
የሲስተር ሦስቱ ልጆች እነማን እንደሆኑ
አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝ።

አቶ ይርዳው ረድፉን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፦
«ውጤት» የሚለው ሳጥን ባዶ ነው።
«ተሻላት በልና ዝጋው» ይለኛል።

አልዘጋውም።
ስንት ገጽ ሞልቻለሁ፣ በእርሳስም በቀለምም፤
ከዚህች ባዶ ሳጥን በቀር ዓይን ለዓይን የማየው የለም።
ጉሙ ሲነሣ ወረፋውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አያለሁ፤
ልጅ ያዘለች ሴት በመጣች ቁጥር፣
ስም ከመጠየቄ በፊት እርሳሴን አስቀምጣለሁ።